መርዶ ይዤ በድሬ ባቡር

ባቡር መሳፈር እድሜዬን ሙሉ ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። የተሳፈርኩት ግን መርዶ ይዤ ነው። ይቅር ይበለኝና እግዜርም አንዳንዴ እንደኔው መቀለድ ይወዳል።

የምናገረው እኔ ነኝ፣ የምትጥፈው የልጅ ልጄ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። "እማማ ቀስ በይ፣ ጣቴ አልደረሰብሽም" ትለኛለች። ጣቴ የምትለው ስልኳ ላይ የምታርመሰምሰውን ነው። እሷ ትድረስም አትድረስም እኔ እቀጥላለሁ።

ሰው ሁሉ ይገርመዋል። "ጎንደሬ ሴትዮ፣ የባቡር ፍቅር ከየት አመጣሽ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ጎንደር ባቡር የለም። የተወለድኩባት ትክል ድንጋይማ ማኪናውም ስንት ዘመን እየተንገዳገደ ነው የሚመጣላት። ያን ገደል አይቶ ብረት የሚያነጥፍ ማን ደፋር አለ? እኔ ግን ባቡርን የወደድኩት ሳላየው ነው። ምን ይገርማል? ባሌንም ያየሁት ካገባሁት በኋላ ነው። ከሁለቱ ባቡሩ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ያስወደደኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ ነው የምላት፣ ገና በልጅነቷ አግብታ ድሬዳዋ ሄደች። ባሏ ያገራችን ልጅ ነበር። ኮብልሎ ሄዶ ባቡር ላይ ስራ ያዘ፣ ሚስት ፍለጋ ሲመለስ እሷን ይዟት ሄደ። ስትሄድ ወንድማችን ከጀርባዋ አልወርድም ብሎ እሪ አለ። እናታችን ከእርሻ ስለማትመለስ ያሳደገችው እትዬ ናት። እሱን አዝላ ውሀ ትቀዳለች፣ እሱን አዝላ እንጨት ትለቅማለች። እኔ መሀለኛዋ ነኝ። እኔን ማንም አላዘለኝም፣ አጭር ሆኜ የቀረሁት ለዚህ ነው እላለሁ።

ወንድማችን ጎረምሳ ሲሆን ናፍቆቱ አላስቀምጥ አለውና እሷን ሊያይ ድሬ ወረደ። ያን ጊዜ አሮጌው ባቡር ነበር፣ አዲሳባ ለገሀር ተሳፍሮ ነው የሄደ። ሲመለስ ለአባቴ ሽርጥ፣ ለእናቴ ሻሽ ይዞ መጣ። ለእኔ ባቡሩን አመጣልኝ። አመሻሽ ላይ አውድማው ውስጥ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ወገብ ለወገብ አያይዞ ያሰልፈናል። እሱ ፊት ይሆንና በአፉ እያፏጨ፣ እግሩን መሬት እየደበደበ፣ ጭድ እስኪለብሰን ያዞረናል። ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል፤ ሁላችንም እላዩ ላይ እንከመራለን።

"አዋሽ ደርሰናል! ወተት ሻጭ የታለች?" ይላል።

ወተት ሻጯ እኔ ነኝ። ባዶ ቅል ይዤ እቀርባለሁ።

"ይሄማ ውሀ ነው!"

"ካልጣመህ ባቡርህን እለባት!"

እንዲህ እየተሰዳደብን ነው ያገሩን ጣቢያ ሁሉ ያስጠናኝ። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይናገር ነበር። "ማኪና ላይ የምታዪው የሰው ማጅራት ነው። ባቡር ላይ ግን ሰው ፊት ለፊት ነው የሚቀመጥ። የማታውቂው ሰው ፊቱን ሰጥቶሽ ቀኑን ሙሉ ትሄጃለሽ" ይል ነበር። "አንድ ቀን እወስድሻለሁ" ይለኝም ነበር። እርሻ መጣ፣ ሚስት መጣች፣ ልጆች መጡ፣ ደግሞ የዘመኑ ነገር መጣ፤ ያ ቀን ብቻ ሳይመጣ ቀረ።

እኔ ባቡር ባይኔ ያየሁት አዲሳባ ላይኔ ህክምና የሄድኩ ጊዜ ነው። ይቺ የልጅ ልጄ እዚያ ባንክ ትሰራለች፣ ያረፍኩት እሷ ዘንድ ነው። ከሀኪም ቤት ስንወጣ አንዱን አይኔን ሸፍነውታል። በቀረው ቀና ብዬ ሳይ፣ በራሳችን ላይ በድልድይ፣ ነጭና ሰማያዊ የሆነ ረጅም ነገር ድምፁን አጥፍቶ ይሳባል።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ባቡር ነዋ፣ እማማ።"

መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። "ይሄን የመሰለ ነገር ደጅሽ ላይ አስቀምጠሽ ነው ስታስተኚኝ የሰነበትሽ? አሳፍሪኝ!"

"ሰው ይጋፋል፣ አይንሽ ደግሞ..."

"አይኔን እዚህ ትቼው እገባለሁ።"

ገባን። አንድ ሸጋ ልጅ ተነስቶ አስቀመጠኝ። ትንሽ እንደሄድን ባቡሩ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ አንድ ሽማግሌ ገቡ። እኛ አገር ሰው ሲገባ ተጎልቶ አይታይም። ብድግ ትዪና "ኖር!" ትያለሽ፣ የገባውም "በእግዜር!" ብሎ ያስቀምጥሻል። ብድግ አልኩ፣ "ኖር!" አልኳቸው። ሰውዬው መቀመጫ የለቀቅሁላቸው መስሏቸው "እድሜ ይስጥልኝ" ብለው ዘፍ አሉበት። ሌላ ልጅ ተነሳልኝና ተቀመጥኩ። ደግሞ ቆመ፣ ደግሞ ተከፈተ፣ ልጅ ያዘለች ሴት ገባች። ብድግ! እሷም ተቀመጠችበት።

የልጅ ልጄ ቀሚሴን ትጎትታለች። "እማማ፣ በየፌርማታው ሰው ይገባል እኮ! ለሁሉም ልትነሺ ነው?"

"ታዲያ ሰው ሲገባ ቁጭ ብዬ ላፍጥበት?"

ነገሩ ለሰረገላው ሁሉ ጨዋታ ሆነ። አንድ ጎረምሳ ጆሮው ላይ ነገር ሰክቶ ሲገባ ሁሉም ባንድ አፍ "ኖር!" ሲለው ደንግጦ ተመልሶ ሊወርድ ነበር። ማታ ለወንድሜ ደውዬ "ተሳፈርኩልህ!" አልኩት።

"የቱን? የከተማውን?" አለኝ። "እሱ ባቡር አይደለም፣ የባቡር ግልገል ነው። እናቱ ድሬ ነው የምትሄድ። እሷን ስትሳፈሪ ትነግሪኛለሽ።"

እሷን ስሳፈር የምነግረው እሱ አልነበረም። በጥቅምት፣ አንድ ቀን ከእርሻ ገባና "ደረቴን" አለ። ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ። ሳንጃ ከተማ ያለው ልጁ ሳይደርስ መሸብን፣ በማግስቱ ቀበርነው። ፀጉሬን ተላጨሁ። እናታችን እድሜዋን ማንም አያውቀውም፣ ጎብጣ ምድር ልትነካ ነው። "እኔ ቁጭ ብዬ እሱ?" እያለች አንዲት ነገር ብቻ ትደጋግማለች።

ልቅሶው ጋብ ሲል ሁላችንም የፈራነው ነገር መጣ። ለእትዬ ማን ይንገራት?

ወንድማችን እሁድ እሁድ ከቤተስኪያን መልስ ይደውልላት ነበር። እሁድ ሲዘል መጠየቅ ጀመረች። "ኔትወርክ የለም" አልናት። ይሄ እኛ አገር ውሸት አያሰኝም፣ እውነትም ስለሚጠፋ ሰው ሁሉ ያምናል። ግን ስንት እሁድ ይጠፋል? በስልክ ደግሞ መርዶ አይነገርም። መርዶ ጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ ክንድ ባጠገብሽ ሆኖ ነው የሚሰማ። እሷ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ደም ግፊት ይዟታል፣ ያለችውም ከሴት ልጇ ጋር ብቻ ነው።

ዘመድ ተቀምጦ መከረ። የአባታችን ወንድም፣ ሽማግሌው፣ "አንቺ ሂጂ" አለኝ።

"እኔ? አያ፣ እኔን እኮ ሰው ሲያየኝ ነው የሚስቅ!"

"ለዚያ ነዋ። ካገር ቤት ሌላ ሰው ቢመጣባት ገና በር ላይ ሳለ ታውቀዋለች። አንቺ ባቡር ልሳፈር መጣሁ ብትያት ግን ማን ይጠረጥራል?"

እውነቱን ነው፣ ማንም አይጠረጥርም። ደወልኩላት። "እትዬ፣ ባቡሩን ልሳፈር ልመጣ ነው" አልኳት።

"አንቺ እብድ! ለእኔ ሳይሆን ለባቡሩ?"

"ለሱ ነው። አንቺንም በዚያው አይሻለሁ።"

ሳቀች፣ ሳቋ ስልኩን ሞላው። እኔም ሳቅሁላት። ከዘጋሁ በኋላ ያለቀስኩት በቀብሩ ቀን ካለቀስኩት ይበልጣል። የተመኘሁትን ነገር ማታለያ አደረግሁት፣ ያውም ውሸት አልነበረበትም።

ለእትዬ ልጅ እውነቱ ተነገራት፤ እድርተኛውን በጓሮ በር አስጠንቅቃ ጠበቀችን። እኔን ደግሞ ደህና ሰው ማስመሰል ተጀመረ። ጥቁሩን አውልቄ አበባ ያለበት ቀሚስ ለበስኩ፣ የተላጨ ራሴን በሻሽ ጠቀለልኩ። ነጠላ ለበስኩ፣ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ። ጥለቱ ታች ሲሆን ደህና ነን ማለት ነው፣ አንገት ላይ ሲወጣ ሀዘን። አዲሳባ ድረስ በአውሮፕላን ነው የሄድኩት። አውሮፕላን ምኑም አይጥመኝ። ሆድሽን ይዘሽ ትነሻለሽ፣ ከዚያ ደመና፣ ከዚያ ዳቦ፣ ከዚያ ውረዱ። ያለፍሽበትን አገር ሳታዪው መድረስ ምን መንገድ ነው?

ከአዲሳባ የልጅ ልጄ አብራኝ ሄደች። የድሬው ባቡር የሚነሳ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ለቡ ነው። ጣቢያው ትልቅ፣ ባዶና ቀዝቃዛ፣ ንጉስ የሚጠብቅ አዳራሽ ይመስላል። ሳየው ግን ሀዘኔን ረሳሁት። አልዋሽም፣ ረሳሁት። እንደ ከተማ ግንብ ረጅም ነው። ጎኑን በእጄ ዳበስ አደረግሁት፤ ጠዋት ነውና ብርድ ላይ ያደረ በሬ ይመስላል ቅዝቃዜው። አንዱ ዘብ "እናቴ፣ ባይነኩት" አለኝ።

"አልሰርቀው፣ ምነው ሰጋህ?" አልኩት። ሳቀና ፊቱን አዞረልኝ፣ ድጋሚ ነካሁት።

ሲነሳ አላወቅሁም። ወንድሜ እንደነገረኝ ያፏጫል፣ ይጮሀል፣ ይንገጫገጫል ብዬ አግዳሚውን ጨብጬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን በመብራት የሚሄድ ነው፣ ጭስም የለው። በመስኮት ስመለከት ምሰሶው ወደ ኋላ ይሄዳል። "ምሰሶው ሄደ!" አልኩ። የልጅ ልጄ "እኛ ነን የሄድን" ብላ አፏን ይዛ ሳቀች። ቢሾፍቱን፣ ሞጆን፣ አዳማን እንደ ህልም አለፍናቸው። ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፣ ማጭድ የያዘ ሰው ቀና ብሎ ያየናል። እኔ እጄን አውለበልባለሁ። ከሩቅ ሰው ላይ እጅ ማውለብለብ አገር ቤት ቢሆን እብድ ያሰኛል፤ ባቡር ላይ ማን ከልካይ አለ?

ፊት ለፊቴ አንዲት የድሬ ነጋዴ ተቀምጣለች፣ ድሪያ የሚሉት ሰፊ ቀሚሷ ደማቅ፣ እጇ ሂና ያለበት፣ እቃዋ እስከ ጣራ የሞላ። ፊቴን ስታየኝ ቆየችና፣

"አንቺ እማማ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ።

የልጅ ልጄ ክው አለች፤ ያስደነገጣት መርዶው ሳይሆን አንቺ መባሌ ነው። እኛ አገር ትልቅ ሰው አንቺ አይባልም። የድሬ ሰው ግን ንጉስም ቢመጣ አንተ ነው የሚል፣ እትዬ ነግራኛለች። እኔ ደስ አለኝ፣ ልጅ ሆንኩ።

"ምነው፣ በምን አወቅሽ?"

"ነጠላሽን እይው እስቲ።"

ሳየው ጥለቱ አንገቴ ላይ ነው። ለካ ስንት ሳምንት ሙሉ እጄ ለምዶታል፤ ብርድ ሲለኝ ሳላውቀው እንደ ሀዘንተኛ ጠምጥሜዋለሁ። በአፌ የደበቅሁትን እጄ አወጣው። እንግዲህ ምን ቀረኝ? ለማላውቃት ሴት ሁሉን ዘረገፍኩት፤ ወንድሜን፣ እህቴን፣ የነገውን ጠዋት። አልቅሳ ልታስለቅሰኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ተነስታ ጥለቱን በእጇ አወረደችው።

"ወላሂ፣ እንዲህ ሆነሽ እህትሽ ፊት እንዳትቀርቢ! ሳትናገሪ ትገድያታለሽ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠባቂዬ ሆነች። እኔ በመስኮት ተመስጬ እጄ ወደ ነጠላው ሲሄድ "እህ!" ብላ ታስላለች። አወርደዋለሁ። ደግሞ እረሳለሁ፣ ደግሞ "እህ!"። የመተሀራን ሀይቅ ጥቁር ድንጋይ ከቦት ሳይ ሳለችብኝ። አዋሽ ላይ ሳለችብኝ። አንዱ ተሳፋሪ የእውነት ጉንፋን መስሎት ሎሚ ሰጣት። ሶስታችንም በሳቅ ሞትን። ስንስቅ የሚያየን ሰው መርዶ ነጋሪ ናቸው ብሎ ያምን ነበር?

ሚኤሶ ላይ ወረደች። እቃዋን እያወረደች ጉንጬን ሳመችኝና "እንግዲህ ራስሽን ጠብቂ፣ የሚያስልልሽ ሰው ሄደ" አለችኝ።

ከሚኤሶ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። ግራርና ኩይሳ፣ ግመል፣ ቀይ አፈር። ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ነገር አብሮን ሲሄድ አየሁ። ቀጭን ሀዲድ፣ ዝገት የበላው፣ ሳር የወረሰው፣ መሀሉ ላይ ፍየሎች የተኙበት። የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ስታልፍ "ያ ምንድን ነው?" አልኳት።

"የድሮው ባቡር መንገድ ነው እናቴ። አሁን አይሰራም።"

እሱ የሄደበት ነዋ! አውድማችን ላይ ያዞረን ባቡር በዚህ ላይ ነው የሄደ። ጎረምሳው ወንድሜ በዚያ ቀጭን ብረት ላይ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ጥቀርሻ አይኑ ገብቶ፣ እህቱን ሊያይ ሲከንፍ ታየኝ። የእኔ ባቡር ፈጣን ነው፣ የሱን ጥሎት ያልፋል፣ ያ ደግሞ ዞር ብሎ ከኮረብታው ጀርባ ብቅ ይላል። ብዙ መንገድ እንዲህ ተከታተልን። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ተለየና አልተመለሰም። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ደግፌ አለቀስኩ። ድምፅ አላወጣሁም፣ የልጅ ልጄ ተኝታለች። እስክንደርስ ድረስ የማስበው እሱን ብቻ ነበር፣ እጄ የሚሰራውን ማን አይቶት።

ድሬ ስንገባ ግርግር ሆነ፣ ሰው ሻንጣውን ይጎትታል፣ የልጅ ልጄ ከእቃ ጋር ትታገላለች። እኔ ፊቴን ጠራርጌ፣ ሳቄን አዘጋጅቼ ወረድኩ። እትዬ ቤት እንድትጠብቅ ነበር የተባለው። ግን የባቡር ሰራተኛ ሚስት ባቡር ሲመጣ ቤቷ አትቀመጥም። መውጫው ላይ ቆማለች፣ ልጇ ከኋላዋ አይኗን ታፍጥብኛለች፣ እኔ የምትለኝ አልገባኝም።

"እትዬ!" አልኩ ከሩቅ፣ "ባቡርሽ ጭስ የለው፣ ውሀ የለው፣ ጨው የረሱት ወጥ ነው!"

እጇን ዘርግታ እየሳቀች መጣች። እርምጃ ሲቀራት ሳቋ ቆመ። አይኗ አንገቴ ላይ ነው። እኔም ያን ጊዜ ዝቅ ብዬ አየሁት። ጥለቱ።

እጇን ሰደደች፣ ነጠላዬን ይዛ ዞር አደረገችው፣ ጥለቱን ወደ ታች አወረደችልኝ። "አስተካክይው" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "ሰው ያያል።" ከዚያ ሳመችኝ፣ እንደ ደህና ሰው፣ ግራና ቀኝ።

ባጃጅ ውስጥ እጄን ጨብጣ ይዛኝ ነበር። ቤት ገብተን ስንቀመጥ ነው የተናገረችው። "ምንም አልጠይቅሽም። ነገ ጠዋት በወጉ ትነግሩኛላችሁ። ሰው ጠርታችኋል፣ አይደል?" ልጇ ማልቀስ ጀመረች። "ዝም በይ አንቺ" አለቻት፣ "አያትሽ እድሜ የጠገበች ናት። ይሄን ያህል ያቆየልንን ማመስገን ነው።"

ያኔ ገባኝ። እናታችን የሞተች መስሏታል።

 እናታችን አይደለችም ብላት፣ ማን ነው ትለኛለች። እሱን ብላት፣ መሽቷል፣ ሰው የለ፣ ቄስ የለ፣ የሚይዛት ክንድ የለ። እድሜዬን ሙሉ አፌ አላርፍ ብሎ ስንት ነገር አበላሽቷል፤ ያን ምሽት ግን ምላሴ እንደ ድንጋይ ሆነ።

እራት ቀረበ። ለእኔ ስትል በላች፣ ለእሷ ስል በላሁ። "እስቲ ባቡሩን ንገሪኝ" አለችኝ። ነገርኳት፤ ዘቡን፣ ምሰሶውን፣ ሎሚውን። ሴትዮዋ ለምን እንደሳለች ብቻ አልነገርኳትም። ሳቀች። ከዚያ የተናገረችውን ልርሳው ብልም አልችል።

"እሱ ምነው አብሮሽ አልመጣ? ባቡር ሲባል ካንቺ እሱ አይብስም? ለነገሩ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ እሱ ነው፣ እንዴት ጥሎ ይመጣል። ለአርባዋ እሄዳለሁ፤ እሱ ጎንደር ድረስ መጥቶ ይቀበለኛል።"

"እህ" አልኩ።

ጠዋት ገና ወፍ ሲንጫጫ እድርተኛው መጣ። ወንዶቹ በረንዳው ላይ፣ ሴቶቹ እትዬን ከበው። ቄሱም አሉ። እሷ ቀድማ ተነስታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ጥቁር ለብሳ ጠበቀቻቸው። እንዲህ ያለ መርዶ ነግረው አያውቁም መሰለኝ ሁሉም ተያዩ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንግዲህ እመቤቴ፣ ሁላችንም እንግዶች ነን..." ሲሉ፣

"አባቴ፣ አይድከሙ" አለቻቸው። "እናቴን ልትነግሩኝ ነው። አውቄዋለሁ።"

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሌላ ማን ሊያርማት ይችላል? ተነስቼ ፊቷ ተንበረከክሁ፣ ጉልበቷን ያዝኩ።

"እትዬ፣ እናታችን አለች።"

"አለች?"

ፊቷ በራ። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ፣ ልጄ? ያን ያህል ብርሀን ሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ትንሽ ብቻ ነው የቆየ። ከዚያ አይኗ ፍለጋ ጀመረ፤ እናታችን ካለች፣ እኔም ፊቷ ካለሁ፣ ማን ቀረ? ስሙን አልጠራሁትም። መጥራት አላስፈለገም። ሁለት እጇን ወደ ኋላ አዞረችና ጀርባዋን ያዘች፣ ያዘለችው ልጅ ሲንሸራተትባት እንደምትይዘው። እንዲያ እንደያዘች ነው የጮኸችው።

ልቅሶውን አልናገረውም። የድሬ ጎረቤት ሁሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ቤቱን ሞልቶት ሰነበተ። ሲያባብሏት አንቺ እያሉ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ለቀስተኛው ሲቀንስ፣ ግድግዳ ተደግፋ ሳለች እንዲህ አለችኝ።

"አንድ ሌሊት ሙሉ እናቴን ቀብሬያት አደርኩ። ጠዋት አስነሳችሁልኝ። ያቺ ሴትዮ ልጇን ቀብራ ቁጭ ብላ፣ እኔ እዚህ በህይወቷ ልቅበራት? ልያት።"

ልጇ "ደም ግፊትሽ!" አለች። የሚያያት ሀኪምም ፊቱን አጨማደደ። እትዬ ካገር ከወጣች ወዲህ አልተመለሰችም፤ ስትወልድ፣ ስታሳድግ፣ ባሏን ስታስታምም፣ ደግሞም መንገዱ ሲዘጋ፣ እንዲሁ ቀረች። አሁን ግን ማንም አልመለሳት። እኔም ሂጂ አላልኳት፣ ቅሪ አላልኳት። ሻንጣዋን ብቻ ያዝኩላት።

ባቡሩ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። የባቡር ሰራተኛ ሚስት ናትና ሲነሳ እሷ ቀድማ አወቀች። "ተነሳ" አለችኝ። ምንም አልታየኝም፣ ከዚያ ምሰሶው ሄደ። ብዙ መንገድ ግመሎቹን ስታይ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

"እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አለች። "የዚያን ቀን ጠዋት ምን በላ?"

ሰው ሁሉ አሟሟቱን ሲጠይቀኝ፣ ደረቱን፣ ሰዓቱን፣ ቀብሩን ሲጠይቁኝ፣ ይሄን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

"እሸት" አልኳት። "የባቄላ እሸት። ከማሳው እየቀጠፈ።"

"ጥሬውን?"

"ጥሬውን።"

"ሆድህን ያምሃል ስለው እኮ..." አለችና ቆመች። ከዚያ "ብዙ በላ?" አለችኝ።

"ኪሱን ሞልቶ ነው የገባ። ለእኔም ሰጥቶኛል።"

"ሸጋ ነበር?"

"ሸጋ ነበር፣ እትዬ። ገና ለጋ።"

ራሷን ነቀነቀች። ወንበሯ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠችና፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" አለችኝ። መንገዱ ረጅም ነው። ነገርኳት።